ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ልጠብቅ? በአምስት ሕመሞች ላይ ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ክረምት ጋሼ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ 61 ዓመታቸው ነው። "ጉልበቴን በኤምአርአይ አዩት። ውስጡ ተቀዷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል አሉኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ነኝ። ውጭ አገር በሕክምና ሙያ የምንሠራ ሰዎች ይህን ስልክ በደንብ እናውቀዋለን። ስልኩ እስኪደርሰን ቤተሰብ መክሮ ጨርሷል። አንዱ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ሌላው ስለ ህንድ ቪዛ ያጠያይቃል። አንዷ ደግሞ ጎረቤቷ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ጭራሽ እንደባሰባት እያወራች ሁሉንም ታስፈራራለች።

ዶክተር አይደለሁም። በስልክ ማንንም አልመረምርም። አንድ ነገር ግን አደርጋለሁ። ኦፕራሲዮንንና መጠበቅን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳደረ ጥናት ካለ ፈልጌ አነባለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እነግራቸዋለሁ። እዚህ የጻፍኩት ደጋግመው የሚጠይቁኝን አምስት ሕመሞች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥሩ ጥናት ታማሚዎችን በዕጣ ይመድባል። ምርጫው ለሐኪሙ ወይም ለታማሚው ከተተወ ጠንካራ ጠንካራው ወደ አንዱ ወገን፣ ደካማው ወደ ሌላው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የዳነው በሕክምናው ይሁን በጥንካሬው መለየት አይቻልም። የጎረቤት ታሪክም ችግሩ ይኸው ነው። ጎረቤቷ ዋሽታ አይደለም። ግን ኦፕራሲዮን ባትሆን ኖሮስ ምን ትሆን ነበር? እሷም አታውቅም፤ እኛም አናውቅም።

ጉልበት

የጋሼ ችግር ሜኒስከስ በሚባለው ቦታ ላይ ነው። በጭንና በቅልጥም አጥንት መሃል እንደ ትራስ የተነጠፈ ለስላሳ አካል ነው። ኳስ ተጫዋች የሆነ ወጣት ላይ ጉልበቱ በድንገት ሲጠማዘዝ ይቀደዳል። በጋሼ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ አሮጌ ጨርቅ ቀስ በቀስ እየሳሳ ነው የሚሰነጠቀው። ጭራሽ የማያማቸው ሰዎች ጉልበት እንኳ በኤምአርአይ ሲታይ እንዲህ ያለ ቅድ ይገኝበታል። ስለዚህ በፎቶው ላይ ቅድ ታየ ማለት ሕመሙ የመጣው ከዚያ ቅድ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለጋሼ ለማስረዳት ሁለት ስልክ ፈጅቶብኛል። "ዓይኔ እያየ!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያዩትን ነገር ቸል ማለት ይከብዳል።

አሁን በጣም ወደምወደው ጥናት ልምጣ። ውጤቱ በ2002 ወጣ፤ ሂዩስተን ውስጥ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል 180 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም ጉልበታቸው በአርትራይተስ (መገጣጠሚያን በሚበላ ሕመም) የተጎዳ ነው። በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። ያንደኛው ቡድን ጉልበት በካሜራ ታግዞ ውስጡ ተጠረገ። የሁለተኛው ቡድን ጉልበት በውኃ ብቻ ታጠበ። የሦስተኛው ቡድን ሰዎች ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ፣ የሚያረጋጋና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ቆዳቸው ላይ ትንንሽ ቅድ ተደረገ። ሐኪሙ የእውነት እንደሚሠራ ሰው መሣሪያ አምጡልኝ ይላል። ጉልበቱን ያንቀሳቅሳል። የውኃው ድምፅ እንዲሰማ ውኃ ያንቦራጭቃሉ። ጉልበቱ ውስጥ ግን ምንም አልገባም።

ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በሕመማቸውም ሆነ በእንቅስቃሴያቸው የእውነተኛው ኦፕራሲዮን ቡድኖች ከማስመሰያው ቡድን አልበለጡም። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ስንት ሰው ለዚህ ነገር ከብቱን ሸጧል!

"እሱ አርትራይተስ ነው፤ የኔ የሜኒስከስ ነው" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለዚህም መልስ አለ። ፊንላንድ ውስጥ 146 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2013 ወጣ። እነዚህ አርትራይተስ የለባቸውም፤ በዕድሜ የመጣ የሜኒስከስ ቅድ ግን አለባቸው። ግማሾቹ የተቀደደው ክፍል ተቆርጦ ወጣላቸው። ለግማሾቹ ማስመሰያ ብቻ ተደረገላቸው። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ኦፕራሲዮንን ከፊዚዮቴራፒ (በባለሙያ ከሚመራ የአካል እንቅስቃሴ) ጋር አወዳድሯል። ተሳታፊዎቹ 351 ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ነው። በ6 ወር ውስጥ የጎላ ልዩነት አልታየም። ግን አንድ መረሳት የሌለበት ቁጥር አለ። ፊዚዮቴራፒ ከደረሳቸው ሰዎች 30 በመቶው በእነዚያ 6 ወራት ውስጥ ሐሳባቸውን ቀይረው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ፊዚዮቴራፒ ለሁሉም በቂ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው። በእንቅስቃሴ የጀመረ ሰው ግን ምንም አላመለጠውም። ካልተሻለው በኋላ ኦፕራሲዮን መሆን ይችላል። የተቆረጠ ሜኒስከስ ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

በ2017 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ሐኪሞችና ታማሚዎች ማስረጃውን አይተው፣ በዕድሜ ለተጎዳ ጉልበት ይህ የካሜራ ኦፕራሲዮን አይደረግ ብለው በጥብቅ መክረዋል።

እንግዲህ ለጋሼ ያልኳቸው ይህን ነው። ጉልበትዎ ተቆልፎ አልዘረጋም ወይም አልታጠፍም ካለ፣ ወይም ቅዱ ከድንገተኛ አደጋ የመጣ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙን ይስሙ። ካልሆነ መጀመሪያ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ይሞክሩ። ሙከራ ስል ሁለት ቀን ሠርቶ "እምቢ አለኝ" ማለት አይደለም። ለሳምንታት፣ ሳያቋርጡ፣ ቤትም ውስጥ ጭምር። (ጉልበትን በሰው ሠራሽ መቀየር ፈጽሞ የተለየ ኦፕራሲዮን ነው። ከዚህኛው ጋር እንዳይምታታ።)

ልብ

እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለይ። ደረቱን በድንገት ጨምድዶ የያዘው፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት ሰው የልብ ድካም (ሃርት አታክ) እየደረሰበት ሊሆን ይችላል። ለእሱ ንጽጽር የለም። ቶሎ ሆስፒታል ይግባ። በዚያ ሰዓት ስቴንት (የጠበበውን የልብ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ሕይወት ያድናል።

እኔ የማወራው ስለ ሌላው ሰው ነው። ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያዝ ያደርገዋል፤ ሲያርፍ ይለቀዋል። ወራት እንዲሁ አልፈዋል። ለቼክአፕ ሄዶ "የልብህ ደም ስር 70 በመቶ ጠቧል፤ ዛሬውኑ ስቴንት እናስገባ" ይባላል። ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እያለ ቤተሰቡ ገንዘብ ፍለጋ ይሯሯጣል። እንዲህ ያለውን ነገር በቅርቤ ሰው ላይ አይቻለሁ። ለማሰብ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጧቸውም።

በ2020 የወጣው ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት 5,179 ሰዎችን ከ37 አገሮች አሳትፏል። አንዱ ቡድን መድኃኒት እየወሰደ ወዲያው የደም ስር ምርመራ ተደረገለት፤ እንደ አስፈላጊነቱ ስቴንት ወይም የባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ደሙ የጠበበውን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ የሚያደርግ) አገኘ። ሌላው ቡድን በመድኃኒት ብቻ ጀመረ። ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል ተደረገ። ከመጀመሪያው ቡድን 145 ሰው ሞተ። ከሁለተኛው 144። ልዩነቱ አንድ ሰው ነው።

ስቴንት ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። በዚሁ ጥናት ደረታቸውን አዘውትሮ ያማቸው የነበሩ ሰዎች ከስቴንት በኋላ የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። በ2023 እንግሊዝ ውስጥ 301 ሰዎች ላይ የተደረገ፣ ማስመሰያ የተጠቀመ ሌላ ጥናትም ስቴንት የደረት ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው "ስቴንት ካላስገባሁ እሞታለሁ ወይ?" ሳይሆን "መድኃኒቴን በደንብ እየወሰድኩም ሕመሙ ኑሮዬን እያወከ ነው ወይ?" መሆን አለበት። አዎ ከሆነ ስቴንት ጥሩ ምርጫ ነው። አይ ከሆነ አስፕሪኑ፣ የኮሌስትሮሉ መድኃኒት፣ የደም ግፊቱ ቁጥጥርና ሲጋራ ማቆም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጥናቱ ያላካተታቸው ሰዎች አሉ። ዋናው የግራ የልብ ደም ስር የጠበበባቸው፣ ወይም የልባቸው የመርጨት አቅም በጣም የደከመ ሰዎች አልገቡበትም። ሐኪሙን "እኔ ከእነዚህ ነኝ ወይ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው።

ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ስቴንት ያስገባ ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት መድኃኒቶችን ለወራት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ካቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ያ ደግሞ ገዳይ ነው። ህንድ ሄደው ስቴንት አስገብተው ከመመለስዎ በፊት መድኃኒቱን በሚኖሩበት ከተማ በየወሩ ማግኘት መቻልዎን ያረጋግጡ። ከቲኬቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ትርፍ አንጀት

ትርፍ አንጀት ሲባል ሁላችንም የምናውቀው አንድ መልስ ነው፤ ተቆርጦ ይወጣል። ባለፉት ዓመታት ግን ነገሩ ተቀይሯል። ኮዳ የተባለው ጥናት በ2020 ወጣ። 25 የአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ 1,552 አዋቂዎች። ግማሾቹ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ግማሾቹ ለ10 ቀን አንቲባዮቲክ ወሰዱ። ከ30 ቀን በኋላ በአጠቃላይ ጤንነታቸው አንቲባዮቲክ የወሰዱት ከሌሎቹ አላነሱም። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጭራሽ ሳይተኙ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።

ሌላኛው ገጽታው ይኸውላችሁ። በ90 ቀን ውስጥ አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 29 በመቶው መጨረሻ ላይ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። በአንድ ዓመት 40 በመቶ ደረሰ። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ፊንላንድ ውስጥ የተደረገው ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ5 ዓመት ውስጥ 39 በመቶው ትርፍ አንጀታቸው ወጥቷል።

ትርፍ አንጀቱ ውስጥ ጠጠር የተሰነቀረባቸው ሰዎች ነገር ይለያል። ከእነሱ 41 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ተጨማሪ ጉዳት የበዛውም እነሱ ላይ ነው። ጠጠር መኖር አለመኖሩን በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ "ጠጠር አለ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መግሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ የተሠራጨበት ሰውም ሆነ ነፍሰ ጡር በዚህ ጥናት ውስጥ የሉም። ለእነሱ እዚህ የተጻፈው አይሠራም።

አሁን ሁለት የአክስቴን ልጆች ላወዳድር። አንደኛው ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ሆስፒታል በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ኢንሹራንስ አለው። ሲቲ ስካኑ ጠጠር የለም አለ። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰሞን ነበርና አንቲባዮቲኩን መረጠ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሰ። ሕመሙ ከተመለሰ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሁለተኛዋ ሰሜን ሸዋ ገጠር አስተማሪ ናት። ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሆስፒታል ለመድረስ በደረቅ መንገድ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ዝናብ ሲሆን ከዚያም ይብሳል። ታማ ደብረ ብርሃን ደርሳ ነበርና ደወለችልኝ። "እህቴ፣ አንቲባዮቲክም አለ ይላሉ አሉ፤ ልጠይቃቸው?" አለች። እኔ ያልኳት "መጠየቁን ጠይቂ፤ ግን ሕመሙ በሐምሌ ሌሊት ቢመለስ ማን ያደርስሻል?" ነው። ትርፍ አንጀቷ ወጣ። አሁን ደህና ናት።

ጥናቱ አንድ ነው። ቁጥሩም አንድ ነው። ለእሱ ከ10 ሰው 3ቱ በሦስት ወር ውስጥ ይመለሳሉ ማለት ሊታገሡት የሚቻል ነገር ነው። ለእሷ ግን ያው ቁጥር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ውጭ ያለን ሰዎች ያነበብነውን ለአገር ቤት ስንመክር ይህን አንርሳ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሄርኒያ

በዚህ ላይ አልቆይም። ብሽሽት ላይ ወጣ ገባ የሚል፣ ብዙ የማያም እብጠት ያለባቸው 720 ወንዶች በሰሜን አሜሪካ ተጠንተው ውጤቱ በ2006 ወጥቷል። ኦፕራሲዮን ሳይሆኑ የጠበቁት በሁለት ዓመት ውስጥ አንጀት ታንቆ ለአደጋ የተዳረጉት እጅግ ጥቂት ናቸው። በ10 ዓመት ግን ከጠበቁት 68 በመቶው፣ በብዛት ሕመሙ በዝቶባቸው፣ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ስለዚህ መጠበቅ ይቻላል፤ ለዘለዓለም ግን አይመስልም። ሸክም የሚሸከም ወይም የሚያርስ፣ ሆስፒታልም የሚርቀው ሰው ዘንድሮ ጤነኛ ሳለ ቢሠራው ይሻላል ባይ ነኝ። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠጠረ፣ ካመመና ማስታወክ ከመጣ ግን ምርጫ የለም፤ ያኔውኑ መሄድ ነው።

ፕሮስቴት

ይህ ስልክ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሚስት ወይም ከሴት ልጅ ነው። አባት ራሱ አይደውልም። "ካንሰር ነው ብለውታል፤ ዛሬ ነገ ሳንል እናስወጣው" ትላለች። ድንጋጤዋ ይገባኛል።

እንግሊዝ ውስጥ ፕሮቴክት የተባለ ጥናት ከ50 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ወንዶችን ፒኤስኤ በሚባለው የደም ምርመራ አየ። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተገኘባቸውን 1,643 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈላቸው። ለአንዱ ቡድን ፕሮስቴቱ በኦፕራሲዮን ወጣ፤ ለአንዱ ጨረር ተሰጠ፤ አንዱ በቅርብ ክትትል ብቻ ቆየ። የ15 ዓመቱ ውጤት በ2023 ወጣ። በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከክትትሉ 3.1 በመቶ፣ ከኦፕራሲዮኑ 2.2 በመቶ፣ ከጨረሩ 2.9 በመቶ ናቸው። ከሦስቱ ቡድኖች በየትኛውም ከ100 ሰው ወደ 97ቱ በዚህ ካንሰር አልሞቱም።

ክትትሉ ያለ ዋጋ አይደለም። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው ከክትትሉ ቡድን 9.4 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ ወደ 5 በመቶ ነው። ከተከታተሉትም አብዛኞቹ ዓመታት ካለፉ በኋላ ኦፕራሲዮን ወይም ጨረር ወስደዋል። ሩቡ ያህል ግን በ15 ዓመት ውስጥ ምንም ሳይነኩ ኖረዋል። በሌላ በኩል ኦፕራሲዮን ከሆኑት በ6 ወር ውስጥ 46 በመቶው ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ ይጠቀሙ ነበር። በ6 ዓመትም 17 በመቶው ላይ ችግሩ ቆይቷል። በወሲብ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ኦፕራሲዮን በሆኑት ላይ ከሁሉ ይብሳል። ይህን ለአባት የሚነግር ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ያፍራሉ። ሳይነገራቸው ከሚፈርሙ ግን ሐኪሙ በግልጽ ቢነግራቸው ይሻላል። ሴት ልጅ ከክፍሉ ወጣ ብትል ይቀላቸዋል።

ይህን ጥናት ለኛ ሰው ስናመጣው ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ተሳታፊዎቹ ማለት ይቻላል ሁሉም ነጮች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ከነጮች በእጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክትትል የመረጠ የኛ ሰው ክትትሉን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ እነዚያ ሰዎች ካንሰሩ የተገኘባቸው ሕመም ሳይሰማቸው ነው። አገር ቤት ብዙ ወንዶች ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ሽንት ሲዘጋባቸው ወይም አጥንታቸው መታመም ሲጀምር ነው። ለእነሱ ይህ ንጽጽር ጭራሽ አይሆንም፤ ሕክምናው መዘግየት የለበትም።

ስለዚህ ደዋይዋን መጀመሪያ የምጠይቃት የባዮፕሲውን (ከፕሮስቴቱ ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና) ወረቀት ነው። ካንሰሩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ የሚያሳይ ግሊሰን የሚባል ቁጥር አለው። 6 ከሆነ፣ ፒኤስኤውም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ካንሰሩም ከፕሮስቴቱ ካልወጣ ለማሰብ ጊዜ አላቸው። ሳምንታት፣ ወራትም። ያኔ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነው። በየስንት ወሩ ፒኤስኤ ይለካሉ? የት? ባዮፕሲውን የሚደግምላቸው ሐኪም አለ ወይ? ከተማ መጥተው የሚያድሩበት ቤትስ? እነዚህ መልስ ካላገኙ ክትትል የሚባለው መርሳት ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ስልኩን ዘግታ የሐኪም ቀጠሮ እንድታሲዝ ነው የምነግራት።